ለሬጅስትራር ያስገባሁት የመረጃ ጥያቄ ስድስት ሳምንት ያለ ምላሽ ተቀምጧል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ በትምህርት አመራር የሁለተኛ ዓመት የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ምሕንድስና የጀመሩ ሴት ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት ትምህርታቸውን ለምን እንደሚያቋርጡ የሚመረምር ነው። ከትምህርት ክፍሌ የትብብር ደብዳቤ አጽፌ ለራሴ ዩኒቨርሲቲና ለአንድ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር አስገባሁ። በራሴ ዩኒቨርሲቲ በጠየቅሁ ቁጥር «ደብዳቤው ተመርቷል» ይሉኛል። ሌላኛው ጋ ደግሞ «የተማሪ መረጃ ለውጭ ሰው አይሰጥም» ተባልኩ። መብቴ እስከ ምን ድረስ ነው? እንዴትስ ብቀጥል ይሻላል?

ምላሽ፦ ለበርካታ ዓመታት በሬጅስትራር የመረጃ ክፍል፣ ከዚያም በምርምር ጽሕፈት ቤት ስለ ሠራሁ የሁለቱንም ወገን ጠረጴዛ አውቀዋለሁ። ምላሽ ያጡ የትብብር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የተከለከሉ አይደሉም፤ ምን እንዲሠራ እንደተጠየቀ ያወቀ ሰው ስላልነበረ ብቻ የተቀመጡ ናቸው። ያያያዙት ደብዳቤ «ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የሚያስፈልጋቸውን የተማሪዎች መረጃ በመስጠት እንድትተባበሯቸው በትሕትና እንጠይቃለን» ይላል። ይህ ዓረፍተ ነገር ስምና የመታወቂያ ቁጥር እየተቀየረበት ከዓመት ዓመት የሚገለበጥ ስለሆነ ጸሐፊዋን አልወቅስም፤ ነገር ግን መዘግየቱን የወለደው እርሱ ነው።

ደብዳቤው የሚሄድበትን መንገድ ይከተሉት። መዝገብ ቤት ሲደርስ የገቢ ቁጥርና ቀን ይመታበትና በአቃፊ ሆኖ ወደ ዋና ሬጅስትራሩ ይገባል። ኃላፊው በዚያን ዕለት ከሚፈርሙባቸው ወረቀቶች መካከል አንሥተው ጠርዙ ላይ «ለመረጃና ስታቲስቲክስ ቡድን፣ አይታችሁ ተባበሩ» ብለው ይመሩታል። የቡድን መሪው ደግሞ ከሥር የአንዲት ባለሙያ ስም ይጨምርበታል። ስልክ ሲደውሉ «ተመርቷል» የሚባለው እዚህ ድረስ ያለው ጉዞ ነው፤ ሐሰትም አይደለም። አሁን ደብዳቤው ባለሙያዋ ፊት ነው። «የተማሪዎች መረጃ» ይላል። የየትኞቹ ተማሪዎች? የስንት ዓመት? ቁጥራቸው ነው ወይስ ውጤታቸው? ስማቸውስ ይካተት? አብዝታ ብትሰጥ የምትጠየቀው እርሷ ናት፤ አሳንሳ ብትሰጥ ተመልሰው ይመጡባታል። እስከ መቼ እንደሚያስፈልግም አልተጻፈም። በዚህ ሁኔታ ደብዳቤውን ከሥር አድርጋ ሌላ ሥራ ብታነሣ አይፈረድባትም። እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ጊዜ እንዲሁ የተጻፈ ደብዳቤ ባለቤቱ በአካል እስኪመጣ ድረስ መሳቢያዬ ውስጥ ከረመ፤ ሲመጣ የፈለገው አራት ቁጥር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ እርሱንም ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አውጥቼ ሰጠሁት።

ስለዚህ በሬጅስትራር ቋንቋ ጥያቄ የሚባለው ከደብዳቤው ጋር የሚያያዘው አንድ ገጽ ነው፤ ደብዳቤው ያንን ገጽ ለማስገባት የሚያገለግል ፈቃድ ብቻ ነው። በዚያ ገጽ ላይ ባዶ ሠንጠረዥ ይሥሩ። በግራ በኩል ወደ ታች የመግቢያ ዓመታቱን ይደርድሩ፤ ለምሳሌ ከ2012 እስከ 2016 ዓ.ም.። ወደ ጎን ደግሞ በጾታ የተከፈሉ ዓምዶች ይኑሩ፦ በመጀመሪያው ሴሚስተር የተመዘገቡ፣ በውጤት ምክንያት የተሰናበቱ፣ ቅጽ ሞልተው የወጡ፣ ሳያሳውቁ የቀሩ፣ በሪአድሚሽን (አቋርጠው እንደገና ተቀባይነት አግኝተው) የተመለሱ፣ ወደ ሁለተኛ ዓመት ያለፉ። ከሠንጠረዡ ሥር ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና የተናጠል ውጤት እንደማይፈልጉ በግልጽ ይጻፉ። ባለሙያዋ ይህን ስታይ ሥራው የስንት ሰዓት እንደሆነ ወዲያው ትገምታለች። ኃላፊውም ምን ላይ እንደሚፈርሙ ያውቃሉ። ሠንጠረዡን በኤክሴል አዘጋጅተው ለስላሳ ቅጂውንም ይስጡ፤ ባዶ ሳጥን የተሰጠው ሰው ቁጥሩን ብቻ ይሞላል፤ ሠንጠረዥ ራስህ ሥራ የተባለ ግን ቀን ይቀጥራል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የማነሣው፣ አማካሪዎ ቀድመው ሊያነሡት ይገባ የነበረ አንድ ነገር አለ። «ምሕንድስና የጀመሩ የመጀመሪያ ዓመት ሴት ተማሪዎች» የሚለው ቡድን በእነዚህ ዓመታት በሬጅስትራር መዝገብ ውስጥ እርስዎ ባሰቡት መልክ አይገኝም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በተፈጥሮ ወይም በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ገብቶ የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል እንጂ እንደ ቀድሞው ከመግቢያው ጀምሮ የምሕንድስና ተማሪ ተብሎ አይመዘገብም። በመጀመሪያው ዓመት ያቋረጠችው ተማሪ ብትቀጥል ኖሮ ምሕንድስና ትመርጥ እንደነበር መዝገቡ አያውቅም። ባለሙያዋ ይህን ተረድታ ነገር ግን እርስዎን የምታገኝበት ስልክ አጥታ ዝም ብላ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ዝምታ ብዙ አይቻለሁ።

መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው ጥያቄውን ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ አስፍቶ የመጀመሪያውን ዓመት መያዝ ነው። ሁለተኛው ምሕንድስናን ይዞ ወደ ትምህርት ክፍል ከተመደቡ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ዓመት ማጥናት ነው። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ ምሕንድስና መሆኑን ይጠብቃል፣ ተማሪዎቹም በትምህርት ክፍል ስም ተለይተው ይገኛሉ። ይህን ከመረጡ ግን በሠንጠረዡ በግራ በኩል የመግቢያ ዓመት ሳይሆን ወደ ትምህርት ክፍል የተመደቡበት ዓመት መሆን አለበት፤ «የተመዘገቡ» የሚለው ዓምድም የተመደቡትን፣ «ወደ ሁለተኛ ዓመት ያለፉ» የሚለውም ወደ ቀጣዩ ዓመት ያለፉትን እንዲያመለክት ያድርጉ።

ዓመቶቹም ራሳቸው ወጥ አይደሉም። ዩኒቨርሲቲዎች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመጋቢት 2012 ትምህርት ስላቋረጡ የዚያ ዓመት ገቢዎች የመጀመሪያ ዓመታቸውን የጨረሱት ከወራት በኋላ ተጠርተው ነው፤ ሲጠሩ ያልተመለሰችው ተማሪ በየትኛው ዓመት እንደተቆጠረች ካልጠየቁ አያውቁም። የ2012 የ12ኛ ክፍል ፈተና ተራዝሞ በ2013 ስለተሰጠ ተከታዩ የመግቢያ ዓመትም ከተለመደው ወር ተንሸራቷል። ከ2015 ወዲህ ደግሞ በግቢው ውስጥ የሪሜዲያል፣ ማለትም የ12ኛ ክፍል ማለፊያ ውጤት ሳያመጡ ለማካካሻ ትምህርት የገቡ ተማሪዎች አሉ። እነርሱ የማለፊያ ውጤት አምጥተው የመጀመሪያ ዓመት ገና የሚጀምሩ እንጂ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች አይደሉም፤ ከሪሜዲያል የቀሩት በስሕተት ከተደመሩ የማቋረጥ መጠኑ ያለ ምክንያት ይነፋል። በግራ ዓምድ ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን «ሪሜዲያልን ሳይጨምር» ብለው ይጻፉ። ሌላኛው ዩኒቨርሲቲዎ በ2014 በጦርነቱ ብዙ ንብረታቸው ከወደመባቸው ከወልድያና ከወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ወገን ከሆነ፣ የመዝገብ ክፍተት ሊኖር እንደሚችል አስቀድመው አስበው በደብዳቤው ላይ «የተሟላ መረጃ ያለባቸው ዓመታት ብቻ ቢሆኑም ይበቃሉ» የምትል ሐረግ ቢጨምሩ ክፍሉ ያለውን ይሰጣል፤ የሌለውን ደግሞ ለመፈብረክ አይገደድም።

«ማቋረጥ» የሚለው ቃልም ፍቺ ይፈልጋል። በሬጅስትራር ዘንድ በውጤት የተሰናበተች ተማሪ ስሟ በሴሚስተሩ መጨረሻ ከነምክንያቱ ይመዘገባል። ቅጽ ሞልታ፣ ከቤተ መጻሕፍትና ከመኝታ ክፍል ዕዳ እንደሌለባት የሚያሳይ ክሊራንስ አስፈርማ የወጣችው ደግሞ ፋይል አላት። ሳትነግር የቀረችዋ ግን የወጣችበት ቀን የለም፤ መቅረቷ የሚታወቀው በሚቀጥለው ሴሚስተር ሳትመዘገብ ስትቀር ነው። አንዳንዱ ተቋም ይህችኛዋን ለብቻ ይቆጥራታል፣ ሌላው ከቅጽ ሞልተው ከወጡት ጋር ይደምራታል። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎችን ሊያነጻጽሩ ከሆነ ፍቺውን ከሠንጠረዡ ሥር በሁለት መስመር ጽፈው እያንዳንዱ ክፍል የሚጠቀምበትን አቆጣጠር እንዲጠቁም ይጠይቁ። አለዚያ የሚያነጻጽሩት የሴቶቹን ዕጣ ሳይሆን የሁለት ክፍሎችን የአቆጣጠር ልማድ ይሆናል።

ስለ ምክንያቱ ሬጅስትራርን አይጠይቁ። ሬጅስትራር የሚያውቀው መውጣቷን ነው። በመውጫ ቅጹ ላይ የምክንያት መስመር ቢኖርም በብዛት የሚነበበው «የግል ችግር» ወይም «በሕመም» የሚለው ስለሆነ ከዚያ ትንተና አይወጣም። ምክንያቱ ያለው በሌሎች ጽሕፈት ቤቶች ሠራተኞች ትዝታና ማስታወሻ ውስጥ ነው፤ በተማሪዎች ዲን፣ በምክር አገልግሎት፣ በአንዳንድ ተቋም የሥርዓተ ጾታ ዳይሬክቶሬት በሚባለው የሴቶች ጉዳይ ክፍል። ይህ የመጨረሻው ክፍል ለሴት ተማሪዎች ቲቶሪያል የሚያዘጋጅ፣ ገንዘብ ላጠራቸው የንጽሕና መጠበቂያና ጥቂት ድጎማ የሚያፈላልግ በመሆኑ ከሁሉም በላይ ሊረዳዎት ይችላል። ሆኖም ከእነዚህ ክፍሎች ሰነድ አይጠይቁ፤ የባለሙያ ቃለ መጠይቅ ይጠይቁ። የምክር አገልግሎት ፋይልና የክሊኒክ ካርድ የማንም ተመራማሪ እጅ ሊገባ የማይገባ ስለሆነ መጠየቁ ራሱ በር ያዘጋብዎታል። ለየክፍሉም የየራሱን ደብዳቤ ያስጽፉ፤ አንዱን ደብዳቤ ይዞ ከበር ወደ በር መዞር እያንዳንዱ ክፍል «ይህ ለእኛ የተጻፈ አይደለም» እንዲል ምክንያት ይሰጣል።

አሁን ወደ መብቱ ልምጣ። «የተማሪ መረጃ ለውጭ ሰው አይሰጥም» ያልዎት ሰው ግማሹን ትክክል ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን ያረጋግጣል፤ አንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወትን ያስከብራል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት አካላት መረጃ የመጠየቅ ሥርዓትን የዘረጋ ሲሆን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ከእነዚህ አካላት አንዱ ነው። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የተካው ስለ መገናኛ ብዙኃን የሚናገረውን ክፍል ነው፤ የመረጃ ነፃነቱ ክፍል ሥራ ላይ ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ጥያቄው ለተቋሙ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ይቀርባል፤ ኃላፊውም በ30 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት፤ ከከለከለም ምክንያቱን ይገልጻል። ቅር የተሰኘ ሰው ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላል። ልብ ይበሉ፤ የእርስዎ ደብዳቤ የገባው ለሬጅስትራር ስለሆነ ስድስቱ ሳምንት በዚህ አዋጅ አቆጣጠር ገና አልጀመረም።

በሌላ በኩል ያው አዋጅ የሦስተኛ ወገን የግል መረጃን ይጠብቃል፤ በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የግለሰብን መረጃ የሚይዝ አካል በምን ሁኔታ ለሌላ ሊያሳልፍ እንደሚችል ወስኗል። ስለዚህ የስም ዝርዝርና የግሬድ ሪፖርት ቢከለክሉዎት አይሟገቱ። በመግቢያ ዓመትና በጾታ የተደመረ ቁጥር ግን የማንም የግል መረጃ አይደለም። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በአንድ ትምህርት ክፍል የተመደቡት ሴቶች ሦስት ከሆኑና አንዷ ከተሰናበተች ቁጥሩ ስም የመጥራት ያህል ነው። ከአምስት በታች የሆነ ቁጥር በሚገኝባቸው ሳጥኖች ትምህርት ክፍሎቹ በኮሌጅ ተጠቃልለው እንዲቀርቡ እርስዎ ራስዎ ሐሳብ ቢያቀርቡ፣ ሥጋቱን ከእነርሱ ቀድመው ስላነሡት የሚሰጠው ሰው ልቡ ያርፋል።

አዋጁን ግን በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አይጥቀሱ። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የሚቃወሙኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ። የአዋጅ ቁጥር የተጻፈበት የተማሪ ደብዳቤ ሲደርስ ኃላፊው የሚያስቡት ስለ ሠንጠረዡ ሳይሆን ስለ ተጠያቂነት ነው፤ ደብዳቤው «አስተያየት ይሰጥበት» ተብሎ ወደ ሕግ ክፍል ይመራል። ከዚያ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። አዋጁ በጽሑፍ ከተከለከሉ ወይም ሁለተኛው ዙር ካልሠራ በኋላ ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በሚገባ ማመልከቻ ላይ ቢነሣ ቦታው ነው።

ለሌላኛው ዩኒቨርሲቲ ያደረሱት ደብዳቤ ሌላ ችግርም አለበት፤ ማዕረጉ አይመጥንም። የአንድ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ለራሱ ሬጅስትራር ሊጽፍ ይችላል፤ ለሌላ ተቋም ሲሆን ግን ተቀባዩ ማኅተሙን አይቶ ይህ ተቋም ለተቋም የተጻፈ ነው ብሎ አይቀበለውም። ትምህርት ክፍልዎ ለድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤት ይጻፍልዎት፤ ከዚያ በምርምር ምክትል ፕሬዚዳንቱ ወይም በድኅረ ምረቃ ዲኑ ፊርማና ቲተር ለዚያኛው ዩኒቨርሲቲ የምርምር ምክትል ፕሬዚዳንት ይጻፍ፤ ለሬጅስትራሩ ግልባጭ ይደረግ። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ያጸደቀበትን ወረቀትና የምርምር ዕቅድዎን (ፕሮፖዛልዎን) የሁለት ገጽ ማጠቃለያ ያያይዙ። እንዲህ ሆኖ ከላይ ሲወርድ ሬጅስትራሩ የሚያስፈጽም እንጂ የሚፈቅድ አይሆንም፤ ለውጭ ሰው አይሰጥም የሚለው መልስም መነሻውን ያጣል። አዲሱ ደብዳቤ ላይ የቀድሞውን ቁጥርና ቀን ጠቅሰው «በዚህ የተተካ» መሆኑን ያሳስቡ፤ ሁለት ደብዳቤ በሁለት ሰው ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ሁለቱም ሌላው ይሠራዋል ብለው ይተዉታል።

ጊዜውንም ይምረጡ። በምዝገባ ሳምንታት፣ የሴሚስተር ውጤት በሚገባበት ሰሞን፣ የመውጫ ፈተና ተፈታኞች ዝርዝር በሚጣራበትና ለምረቃ ሲሠራ ሬጅስትራር የራሱንም ሪፖርት አያደርስም። የሚመቸው ምዝገባው ካለቀ ሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ያለው ወቅት ነው። ሲከታተሉ በአካል ይሂዱ፤ «ደብዳቤዬ ምን ደረሰ» ከማለት ይልቅ የገቢ ቁጥሩን ይዘው «በዚህ ቁጥር የገባው ለማን ተመራ» ብለው መዝገብ ቤት ይጠይቁ። የባለሙያዋን ስም ሲያገኙ ጠረጴዛዋ ድረስ ሄደው ሠንጠረዡን አብረው ይዩት። «የትኛው ዓምድ ያስቸግርዎታል?» ብለው ይጠይቋት፤ የሚያስቸግረውን ዓምድ በዚያው ቢተዉላት የቀረውን በሳምንት ውስጥ ታገኛላችሁ ብዬ ለብዙ ተማሪ ተናግሬ አላፈርኩም።

አንድ ወዳጅ በፍላሽ ገልብጦ እንዲሰጥዎት የሚመክሩዎት ይኖራሉ። ብዙዎች ያደርጉታል፤ መረጃውም እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የመመረቂያ ጽሑፍዎን አቅርበው በሚከላከሉበት (ዲፌንስ) ቀን ፈታኙ «ይህን ቁጥር ማን ሰጠህ?» ወይም «ማን ሰጠሽ?» ሲል መልሱ የወዳጅ ስም ከሆነ ወዳጁም ጽሑፉም ይጎዳሉ፤ ፍላሹ ውስጥ ደግሞ ባልጠየቁት ስምና ውጤት የተሞላ ፋይል አብሮ ይመጣል።

ቁጥሩ ሲደርስዎ ሸኚ ደብዳቤ ከነወጪ ቁጥሩ፣ የተሞላው ሠንጠረዥ ደግሞ በእያንዳንዱ ገጽ ማኅተም ተደርጎበት እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። እዚያው ቆመው ድምሩን ያረጋግጡ፤ የተሰናበቱ፣ የወጡ፣ የቀሩና ያለፉ ሲደመሩ ከተመዘገቡት ጋር እኩል ሊመጡ ይገባል፤ ተመላሾች ካሉም ባለሙያዋ የት እንደደመረቻቸው ትነግርዎታለች። ልዩነት ካለ በእርሳስ ከጎኑ ምልክት አድርገው ያሳይዋት፤ ከቢሮው ከወጡ በኋላ ለሚገኝ ስሕተት እንደገና ደብዳቤ ማስጻፍ ይጠበቅብዎታል።